የእናቶችና የልጃገረዶች ትምህርት በአፋር መንደሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አፋር ውስጥ ከጎልማሶች ትምህርት ጋር የተወሰኑ ዓመታት ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ ስመለስ፣ ሰርግ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ «እዚያ በረሃ ውስጥ ምን ታስተምራላችሁ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከዋሽንግተንና ከሪያድ እየደወሉ የሚጠይቁኝም አሉ። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ አንድ ቦታ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። የማወራው ስለ አፋር ነው። ቦረናና ደቡብ ኦሞ የሠሩ ጓደኞቼ ግን አብዛኛውን ሲሰሙ «የእኛም እንደዚሁ ነው» ይሉኛል።

እናቶቹን ትቶ ልጃገረዶቹ ላይ ማተኮር አይሻልም? የእናቶቹ ጊዜ እኮ አልፏል።

በጣም የሚደጋገመው ይህ ነው። መልሱ ያለው ጀሪካኗ ጋ ነው።

ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፤ ስትሞላ 20 ኪሎ ትመዝናለች። አፋር ውስጥ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ፍየል ማለብ፣ ሰሌን መሥራት የሴት ሥራ ነው። መንደሩ ሲነሳ ቤቱን የምታፈርሰውም እናት ናት። ቤቱ የጎበጠ እንጨትና ሰሌን ነው። ፈትታ፣ ጠቅልላ፣ ግመል ላይ ትጭነዋለች። የደረሱበት ቦታ ደግሞ መልሳ ታቆመዋለች። ይህን ሁሉ ብቻዋን አትችለውም። ሁለተኛዋ እጇ የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጇ ናት።

ስለዚህ ልጅቷን ክፍል ስናስገባ ከእናትየው ላይ አንድ እጅ ወሰድንባት ማለት ነው። በምትኩ ምን ሰጠናት? ብዙ ጊዜ ምንም። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ትመጣና ትጠፋለች። ያኔ «አፋሮች ትምህርት አይወዱም» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። እንዲህ ያለ ሪፖርት እኔም ጽፌያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናትየው ራሷ ስትማር ነገሩ ይለወጣል። ሰዓቱን የምታመቻቸው እሷ ናት፦ ዛሬ ያንቺ ልጅ ትቅዳ፣ ነገ የእኔ፣ ክፍሉ ከፍየሎቹ መግቢያ በፊት ይለቀቅ። አንዲት አህያ በአንዴ አራት ጀሪካን ትጭናለች። ለአንድ መንደር የተገዛች አህያ ካደልነው መጽሐፍ ሁሉ በላይ ክፍል ስትሞላ አይቻለሁ።

ሰዉ ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል። ታዲያ ትምህርቱ እንዴት ይቀጥላል?

አንዳንዴ አይቀጥልም። ይህን አምኖ መነሳት ይሻላል።

የትምህርት ካላንደሩ መስከረም ይከፈትና ሰኔ ይዘጋል። የአፋር ዓመት ግን የሚቆጠረው በዝናብና በሣር ነው። ካርማ ዋናው ዝናብ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ግድም ይዘንባል። ከዚያ ጊላል ይመጣል፤ ደረቅ ነው፣ ግን ቀዝቀዝ ይላል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሱጉም የሚባል አጭር ዝናብ አለ። ግንቦትና ሰኔ ሃጋይ ነው፣ ደረቁና የሙቀቱ ወቅት፤ ስለ ሃጋይ ባላወራ ይሻላል። ሱጉም ከቀረ ሰዉ ከብቱን ይዞ ራቅ ይላል፣ ክፍሉም ይበተናል።

ለዚህ የታሰበው መፍትሔ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ይባላል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት የሚያስጨርስ ነው። የሚያስተምረው «አመቻች» ይባላል፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የሚመረጥ፣ ራሱም ብዙ ያልተማረ ወጣት ነው። ሰዓቱን ነዋሪው ይወስናል። ከዚህ አልፎ ደግሞ ተንቀሳቃሽ ትምህርት አለ። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግ ከአፋር ባለቤቷ ጋር ሎጊያ ላይ ያቋቋሙት የአፋር አርብቶ አደሮች ልማት ማኅበር በዚህ ሥራ ረጅም ዕድሜ አለው። መምህሩ የአካባቢው ልጅ ነው። መንደሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ የሚያስተምረው በአፋርኛ ነው፣ ጤና ሠራተኛዋም አብራ ትጓዛለች። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው፤ ሰዉን ወደ ሰሌዳው ከመጥራት ሰሌዳውን ወደ ሰዉ መውሰድ።

የት ነው የሚቀመጡት?

ዛፍ ሥር፣ ወይም ዳስ ውስጥ። ሰሌዳው ግንድ ላይ ይታሰራል። ከሰዓት ላይ ንፋሱ ሲነሳ ጠመኔው ከነአቧራው ይጠፋል፤ እንደገና ይጻፋል። ሕንፃ ያስፈልጋል ብዬ አልከራከርም። ውሃ በሌለበት ቦታ ቆሞ የፍየል ማደሪያ የሆነ ሕንፃ አይቼ ነው።

በምን ቋንቋ ይማራሉ?

በአፋርኛ። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ «ቃፋር ፌራ» ይሉታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ይላል፤ አማራጭ ትምህርቱም የእናቶቹም ትምህርት የሚሰጠው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ያልተማረች» የምትባለው እናት ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለችም። ልጅ ሳለች ቁርኣን የቀራች ከሆነ የዓረብኛ ፊደል ታውቃለች፤ ከቀኝ ወደ ግራ። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ እንድትጽፍ ስንነግራት ትስቃለች። በመጀመሪያው ቀን «ማን ማንበብ ይችላል?» ብለን ስንጠይቅ አንድም እጅ አልወጣም። «ቁርኣን የቀራ ማን ነው?» ስንል ሰባት እጅ ወጣ። ጥያቄውን ነው ያበላሸነው።

ምንድን ነው የምታስተምሯቸው?

እጃቸው ላይ ካለው ነገር እንጀምራለን። የመጀመሪያው መጽሐፋችን የክትባት ካርድ ነበር።

ካርዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ጣሪያው ላይ ይሰካል። እናትየው ውድ ዕቃ መሆኑን ታውቃለች፤ ምን እንደሚል አታውቅም። ሰሌዳው ላይ በትልቁ እንስለዋለን። 45 ቀን፣ 9 ወር፣ 15 ወር። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15። እንግዲህ 9ን ማወቅ የግድ ነው። ችግሩ 9 ሲገለበጥ 6 ነው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ፤ ካርዱን አንዷ እንዲህ ይዛ፣ ሌላዋ እንዲያ ይዛ። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ካርዷ አናት ላይ ቀይ ክር ሰፍታበት መጣች። ክሩ ያለበት ላይ ነው፤ አበቃ። በሳምንቱ ሁሉም ካርድ ቀይ ክር ነበረው። ይህን የሚያስተምር የአመቻች መመሪያ የለም።

ከዚያ ተቅማጥ ለያዘው የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ. ይቀጥላል። አንድ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። «አንድ ሊትር» በምን ይለካል? በሃይላንድ። ሁሉም ቤት የውሃ ፕላስቲክ አለ፣ ግን ግማሽ ሊትሩም፣ አንድ ሊትሩም፣ አንድ ተኩሉም፣ ሁለት ሊትሩም «ሃይላንድ» ነው የሚባለው። ስለዚህ ፕላስቲኩ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ተማርን። ይህ ሂሳብም ነው፣ ጤናም ነው፣ ንባብም ነው።

የሴፍቲኔት እህል ሲመጣ ደግሞ ማባዛት ይመጣል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ከሆነ ለ6 ሰው ስንት ነው? ይህን ሂሳብ የተማሩ ሴቶች ሚዛኑ ፊት መቆም ጀመሩ። እህል ሰፋሪው ደስ አላለውም።

ስልክም አለ። ቁጥር መመዝገብ፣ የማን ጥሪ እንደሆነ ማየት፣ የገባውን ገንዘብ መጠን ማንበብ። ወጣቶቹ ሴቶች ይህን ከሁሉም ይወዱታል።

ስም መጻፍም አለ። አንዲት በዕድሜ የገፋች እናት ለክፍያ ሰልፍ ወጣች። ገንዘብ ያዡ እንደልማዱ የቀለሙን ሳጥን ገፋላት፤ አሻራ። መልሳ ገፋችለትና እስኪርቢቶ ጠየቀች። አራት ፊደል ለመጻፍ ብዙ ደቂቃ ፈጀች። ሰልፉ አጉረመረመ፣ ግመሎች ጮኹ፣ የመጨረሻዋ ፊደል ከፊርማው ቦታ ወጥታ የጎረቤቷ ስም ላይ ወደቀች። ጎረቤቷ እስከዛሬ ትወቅሳታለች።

ባሎች አይከለክሉም?

አንዳንዱ ይከለክላል። ግን «ከልካይ ባል» የሚለው ወሬ ከእውነታው ይበልጣል። ወንዶቹን ሳያማክሩ ሴቶቹን ብቻ ጠርቶ መሰብሰብ ግን ነገር መፈለግ ነው። መጀመሪያ የጎሳ መሪው፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሃይማኖት አባቱ ያውቁ። ፈቃድ ልመና አይደለም፤ እዚያ አገር ወግ ነው።

እዚህ ላይ ዳጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ በዓይንህ አየህ ወይስ ሰማህ ብሎ ያጣራል። ውሸት የሚያወራ ሰው ስሙ ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ ዳጉ ያበሳጨኝ ነበር። ትምህርት መሐል አንድ የግመል ነጋዴ ብቅ ይልና ክፍሉ በሙሉ ግማሽ ሰዓት ወደ እሱ ይዞራል። በኋላ አመቻቿ ዘዴ አመጣች። ክፍሉን በዳጉ መክፈት ጀመረች። ሰዉ ወሬውን ይናገራል፣ ከወሬው መሐል አንድ ቃል ይመረጣል፣ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። የዚያን ቀን ትምህርት ያ ነው። መንገደኛው ሲሄድ ደግሞ በየደረሰበት «እዚያ መንደር ሴቶች የግመሌን ስም ሲጽፉ አየሁ» ብሎ ያወራል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ወንዶቹን ስለማሳመን የከምባታን ታሪክ ሁልጊዜ እጠቅሳለሁ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም ወደ ትውልድ አገሯ ስትመለስ ነዋሪው ያነሳባት ሌላ ነገር ነበር፤ ድልድይ የለንም አሏት። ድልድዩን አብራ አሠራች። ጆሮ የሰጧት ከዚያ በኋላ ነው። የመሠረተችው ድርጅት ወንድና ሴት አንድ ላይ ተቀምጠው በሚያደርጉት የማኅበረሰብ ውይይት ከተማም ገጠርም ታወቀ፤ እሷም የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት አገኘች። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፈች። ድልድዩን ሳይሠራ ስለ ግርዛት ለማውራት የሚሮጥ ፕሮጀክት ሳይ እሷ ትዝ ትለኛለች።

ያለዕድሜ ጋብቻን ትምህርቱ ያስቀራል?

ያዘገያል። ያስቀራል ለማለት አልደፍርም።

አፋር ውስጥ አብሱማ አለ። ወንዱ የአባቱን እህት ልጅ የማግባት ቀዳሚ መብት አለው። ልጅቷ ስትወለድ ጀምሮ የማን እንደሆነች ይታወቃል ማለት ይቻላል። ጋብቻው ሁለት ቤተሰብን የሚያስር፣ በድርቅ ጊዜ ፍየል የሚያበዳድር ዝምድና ነው። ይህን ሳይረዱ «ጎጂ ልማድ» የሚል ፖስተር መለጠፍ ፋይዳ የለውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ቆየ፤ የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ማጋባትን ያስቀጣል። መንደር ውስጥ ግን «አብሱማዋ ይቆይ፣ ልጅቷ 8ኛ ክፍል ትጨርስ» የሚል አንድ ሽማግሌ ይበልጥ ይሠራል። ዝምድናው አይፈርስም፤ ቀኑ ይገፋል።

በአማራ ክልል ሞሰቦ ላይ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮጀክት እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ልጃቸውን ሳይድሩ ለሁለት ዓመት ያቆዩ ቤተሰቦች የቤት እንስሳ ተሰጣቸው፤ ለልጆቹም ደብተርና እስኪርቢቶ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች የማግባት ዕድላቸው ከሌላው አካባቢ ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ይህንን ሁሉም ሰው ይጠቅሳል። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን ያ ውጤት አልታየም። ይህንን ማንም አይጠቅስም። እኔ የምረዳው፣ ልጅቷ ከፍ ስትል አንድ እንስሳ አይበቃም፤ የምትሄድበት ክፍል ያስፈልጋታል።

ግርዛት ክፍል ውስጥ ይነሳል?

ይነሳል፤ ግን እኛ አናነሳውም። እነሱ እስኪያነሱት እንጠብቃለን። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአፋር ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 91 በመቶ ገደማ የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ ተገርዘው የተሰፉ ናቸው። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው እናት ስለ ራሷ ነው የምታወራው።

የሚነሳው ስለ ወሊድ ስናወራ ነው። አንዷ «የእኔ ምጥ ሦስት ቀን ፈጀ» ትላለች። ዝም ይላሉ። ሌላዋ ትቀጥላለች። ያኔ ነው አዋላጇ የሽንቱንም፣ የወር አበባውንም፣ የምጡንም ችግር ከስፌቱ ጋር የምታያይዘው። ብዙ እናቶች ሴት ሆኖ መፈጠር ራሱ እንዲህ ያማል ብለው ነው የኖሩት። ሃይማኖት ያዛል የሚለውን ጥያቄ ለሼኩ እንተወዋለን። ሼኩ «ቁርኣን ውስጥ የለም» ሲል የእኛ አሥር ስብሰባ የማያመጣውን ያመጣል።

የወር አበባስ?

ለተሰፋች ልጅ የወር አበባ ብዙ ቀን የሚቆይ ሕመም ነው። ከክፍል የምትቀረው በፎጣ እጦት ብቻ አይመስላችሁ። ከጨርቅ የሚሰፋ፣ ታጥቦ የሚደርቅ ሞዴስ ጠቃሚ ነው፤ እናቶቹ ራሳቸው መስፋት ይችላሉ። ማጠቢያ ውሃ ከሌለ ግን እሱም ዋጋ የለውም። ተመልሰን ጀሪካኗ ጋ መጣን።

አብዮቱ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ነበር አይደል? ያኔ አልተሞከረም?

ተሞክሯል። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የተባለው ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በ15 ቋንቋዎች አስተምሯል፤ አፋርኛ አንዱ ነበር። ያኔ አፋርኛውም በግዕዝ ፊደል ነበር የሚጻፈው። ያን ጊዜ የተማረ ሰው ዛሬ የልጅ ልጁን መጽሐፍ ማንበብ አይችልም፤ ፊደሉ ተቀይሯል። ፊደሉ ባይቀየርም ችግር ነበር። የሚነበብ ነገር በሌለበት የተማሩት ይረሳል። ዛሬም ያው ነው። በአፋርኛ ለእናቶች የተጻፈ፣ ቀላል፣ ሥዕል ያለው ነገር እንደ ልብ አይገኝም።

ልጅቷ 4ኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ወዴት ትሄዳለች?

ይህ ነው ቁስሉ። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ወረዳው ከተማ ነው። ዘመድ ካላት እዚያ ታድራለች፣ ብዙ ጊዜም ሠራተኛ ሆና። ከሌላት አለቀ። ለሴቶች የተለየ ማደሪያ ያለበት ቦታ ልጆች ሲቆዩ አይቻለሁ፤ በተለይ የምታበስለውና የምትጠብቃቸው ከዚያው ጎሳ የሆነች እናት ስትሆን። አባት ልጁን ለማያውቀው ጥበቃ አይሰጥም። እኔም ብሆን አልሰጥም።

ዘይት ወይም ዱቄት እየሰጡ ማስተማርስ?

አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ለእያንዳንዷ ተማሪ በወር ዘይት ይሰጥ ነበር። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በሳምንቱ አመቻቿና ሁለት ሴቶች ቀሩ። ሌሎቹ ግን አልተሳሳቱም፤ ውል መስሏቸው ነበር፣ ውሉ ፈረሰ። የትምህርት ቤት ምገባ ለሕፃናት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይሠራል፣ ልጅ በባዶ ሆዱ አይማርም። እናት ግን የምትቆየው ቀይ ክር ስላለው ካርዷ ነው።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። ምን ልላክ?

ቦርሳና ያገለገለ ጫማ አትላኩ። ማጓጓዣው ከዕቃው ይበልጣል። የአመቻቿን የወር አበል ለአንድ ዓመት ቻሉ፤ የብዙ ክፍል ሞት ምክንያት የአበል መዘግየት ነው። የማደሪያ ቤት ኪራይ ቻሉ። አህያ ግዙ፤ ቀልዴን አይደለም። እዚያ ከሚሠራ፣ ቋንቋውን ከሚያውቅ ድርጅት ጋር ብቻ ሁኑ።

ለጉብኝት መቼ ልምጣ?

ከኅዳር እስከ ጥር። ሃጋይ ላይ አትምጡ፤ ሰዉም ርቆ ነው፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ጠዋት ክፍል የለም፣ ሴቶቹ ውሃ ወርደዋል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ድረሱ። ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ አቆዩት። ከመቀመጣችሁ የምትጠየቁት በመንገድ ላይ ምን እንዳያችሁ ነው፦ ሣሩ እንዴት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል ወይ፣ ማንን አገኛችሁ። መኪና ውስጥ ስልክ እያያችሁ እንዳትመጡ። «ምንም አላየሁም» የሚል እንግዳ አይወዱም።